ጨው የበላው ሽቦ

ዋይስ ደሄቦን ያገኘው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ መሀል፣ ማሽላ ሻጮቹ ዘንድ ነው። ሰላምታ የለ፣ ስድብ የለ፤ ከአንዲት ሴት ሚዛን ላይ የብረቱን ኪሎ አነሣና አፉን አለው። ደሄቦ ተንገዳግዶ የማሽላው ክምር ላይ ወደቀ። ዋይስ ደረቱ ላይ ወጥቶ ደገመው። ሴቶቹ ጮኹ፣ አህያ ደነበረ፣ ሊገላግል የገባ አንድ ሰው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ወጣ።

«ወሪያ! ወንድሜ የት አለ? አንተ ዋኝተህ ስትወጣ ቀመር የት ቀረ?»

«ቧንቧው ዝግ ነበር» አለ ደሄቦ ደሙን እየተፋ። «ወላሂ በዚህ እጄ ነው የዘጋሁት! ይህን ለአባትህ ልነግር ነው ከጅቡቲ ድረስ የመጣሁት!»

«ውሸታም!»

ኪሎው እንደገና ወረደ።

ከበርበሬ ሻጮቹ ዳስ አጠገብ አንድ ወጣት ቆሞ ያይ ነበር። ሂርሲ ይባላል። ደሄቦ እውነቱን እንደሚናገር ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ እምቢ አለው። መልሶ ዘጋው። ገበያተኛው ተረባርቦ ዋይስን ሲይዘው ሂርሲ በሰው መሀል ሾልኮ ሄደ።

አንባቢዬ፣ ሂርሲን ከመርገምህ በፊት ነገሩን ከሥሩ ስማ። እኔም ረግሜዋለሁ፤ ግን ሰምቼ ነው።

የዋይስ አባት ሐጂ ሱሌማን የመጋላ ሰፈር ነጋዴ ናቸው። ጅቡቲ ያኔ የፈረንሳይ ነበረች፤ ከዚያ እስከ ዘይላ ቴምርና ጨርቅ የምታመላልስ ባለሞተር የብረት ጀልባ ነበረቻቸው። ጠቡ ከመነሣቱ ሁለት ዓመት በፊት መብራትና ውኃ የሚተፋ ፓምፕ ይግባላት ብለው ሥራውን ለሂርሲ ሰጡት። ሂርሲ የመልካ ጀብዱ ግመል ነጂ ልጅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረው ባቡር ላይ ነው፤ ኋላ መጋላ ውስጥ የራሱን ሱቅ ከፈተ። እሱ የነካው መብራት አይጠፋም ይባል ነበር፤ እሱም ይህን መስማት አይጠላም።

ጠቡ በተነሣበት ዓመት ታዲያ ጀልባዋ ባሕር መሀል ውኃ ገባት፣ መብራቷ ጠፋ፣ ፓምፑም ተኛ። የሐጂ ትንሹ ልጅ ቀመር ሰጠመ። መርከበኛው ደሄቦ ዋኝቶ ወጣ። በሕይወት የወጣ ደግሞ ተጠያቂ ነው፤ ሞተሩን እንዲያቀዘቅዝ የባሕሩን ውኃ የሚያስገባውን ቧንቧ ሳይዘጋ ተኝቶ ነው ተባለ።

ጀልባዋን ጎትተው ቢያወጧት የወደቡ ሠራተኞች ሰው የበላች ጀልባ አንነካም አሉ። ሐጂም በክፍት ፉርጎ አስጭነው ድሬዳዋ አስመጧትና ደቻቱ ዳር ካለው ግቢያቸው ውስጥ በግንድ አስደግፈው አቆሟት። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ እንጂ ውኃ በማያውቅ ወንዝ ዳር ጀልባ! የድሬ ሰው ደግሞ ለቀልድ ሟች ነው፤ «ሐጂ፣ ዓሣውስ መቼ ይመጣል?» እያለ ይስቅና ቀመር ትዝ ሲለው ያፍራል።

«ልጄ የሞተባት ጀልባ ዝገት በልቷት አትቀርም፣ በስሙ ትሄዳለች» አሉ ሐጂ። ሽቦዋን ሁሉ አውጥቶ ጨው የማይደፍረው አዲስ ሽቦ እንዲዘረጋላት ያንኑ ሂርሲን ጠሩት። ሲጠሩትም አንድ ቃል ጣል አደረጉ። «አብርተህ አሳየኝ። ከዚያ ሽማግሌዎችህን እሰማለሁ።»

ሽማግሌዎቹ የሚላኩት ለዚነት ነው፤ ለሐጂ አንዲት ሴት ልጅ። የግመል ነጂ ልጅና የሐጂ ልጅ ስንት ዘመን በዐይን ብቻ ሲነጋገሩ ኖረው በሩ ገርበብ ያለው ያን ቀን ነው። ዚነት በቁራጭ ወረቀት «አባቴ ፊቱ በራ፤ ቶሎ ጨርስ፣ ትዕግሥቴ አልቋል» ብላ ጽፋ ላከችለት። ሂርሲ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ሥራውን ጀመረ።

ቀፊራ ላይ ጠቡ በተነሣበት ጧት የወለሉን ጣውላ ነቀለ። ቧንቧውን ሲያየው መዝጊያው ዝግ ነው፤ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ከመዝጊያው በታች ግን አንገቱ ተበልቶ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ውኃው የገባው በዚያ ነው። ወደ ፓምፑ ዞረ። ሽቦው ከጀልባዋ ብረት ጋር የታሰረበትን ቦታ ሲነካው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ።

የዚያን ጊዜ ሁሉም ገባው። ባቡር ላይ ለአንድ አምፖል አንድ ሽቦ ይበቃል፤ የመመለሻው መንገድ ራሱ የፉርጎው ብረት ይሆናል። ሂርሲም የለመደውን አደረገ፤ አንድ ሽቦ ዘረጋ፣ መመለሻውን ለጀልባዋ ብረት ተወው። ባቡር ግን በደረቅ ምድር ነው የሚሄደው። ጨው ውኃ ውስጥ የተነከረ ብረት በላዩ ኤሌክትሪክ ሲመላለስበት ቀን ከሌት ይበላል፤ ጨውና ኤሌክትሪክ ተባብረው ይግጡታል። ቀመርን የገደለው የደሄቦ እንቅልፍ አይደለም። የሂርሲ ልማድ ነው።

ከግቢው ወጣ፤ እግሩ መርቶ ቀፊራ አደረሰው። ያየውን አየ፤ ዝም ያለውን ዝም አለ።

*

ሽማግሌዎች ገብተው ደሄቦ በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ቧንቧውን መዝጋቱን ጀልባዋ ፊት ቁርአን ይዞ ይማል ብለው ቆረጡ። ሂርሲ ወደ ጀልባዋ ሆድ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ዚነት በጣሳ ውኃ ይዛ መጣች።

«አቦ ጠጣ እንጂ! በዚህ ሙቀት እዚያ ውስጥ ተቀብረህ ልትቀር ነው?»

ሌላ ጊዜ ጣሳውን ሲቀበላት ዐይኑን ከዐይኗ መንቀል ያቅተው ነበር። ዛሬ ቀና አላለም።

«አስቀምጪው።»

«ምን ሆነሃል? እየኝ እስቲ።»

«ሥራ አለኝ ዚነት።»

«የዋይስን ሸሚዝ አሁን አጥቤ መምጣቴ ነው። የሰውዬው ደም እምቢ አለኝ፣ አለቅ አለኝ። በዚህ ቤት ሁሉም አብዷል። አንተ ታጽናናኛለህ ብዬ ብመጣ አንተም ፊትህን ታዞርብኛለህ።»

ሂርሲ ፒንሳውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ቀመር ስለ እኔ ምን ይል ነበር?»

«ቀመር? አንተ ያስገባህለትን መብራት ወደብ ላይ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ነው የኖረው። አምላኪህ ነበር። ለምን ጠየቅከኝ?»

ኪሎው እሱን ቢመታው ይህን ያህል አይጎዳውም ነበር። «ሂጂ» አላት። «እባክሽ ሂጂልኝ።»

ዚነት ፊቷ ተለዋወጠ። «ገባኝ። ሽማግሌ መላኩ ሲደርስ ፈራህ። የግመል ነጂ ልጅ መሆንህን እኔ ረስቼው ነበር፤ አንተ ግን አልረሳኸውም።» ጣሳውን ከነውኃው በጀልባዋ ጎን ላይ ፈጠፈጠችው። ብረቱ ጮኸ።

እንዲያ አይደለም ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ ገዳይ ከመባል ፈሪ መባል ቀለለው። ዚነት ወደ ቤት ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋች፤ እንዲህ ተዋርዳ አታውቅም ነበር፤ ከነውርደቷም ትወደው ነበር።

*

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጀልባዋ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ደሄቦን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣው፤ አንድ ዐይኑ አብጦ ተከድኗል። ዋይስ የጀልባዋን ጎን ተደግፎ ቆሟል። ሴቶቹ በር ላይ ናቸው፤ ዚነት ከፊት። ሂርሲ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል።

«ከመማልህ በፊት» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፤ «ልጄ መጨረሻ ላይ ያለውን ንገረኝ።»

«ሐጂ፣ ይቅርብዎ።»

«ንገረኝ!»

ደሄቦ ራሱን ደፋ። «ውኃው ጉልበታችን ደርሶ ነበር። መብራቱ ድርግም አለ። እኔ ዝለል አልኩት። ቀመር ሳቀ፤ ወላሂ ሐጂ፣ እየሳቀ ነበር። ‹ሂርሲ የሠራው ነው፣ አሁን ይበራል፣ ትንሽ ታገሥ› አለኝ። እኔ ዘለልኩ። እሱ ማብሪያውን ሲነካካ ቀረ።»

ከበሩ በኩል የሴት ሲቃ ተሰማ። ዋይስ ከሂርሲ ዕቃ መካከል መዶሻውን አነሣ።

«ደግሞ በሞተ ወንድሜ አፍ ትዋሻለህ!»

ማንም ሳይደርስበት ሰነዘረ። ደሄቦ በክንዱ ተከላከለ፤ አጥንቱ ሲሰበር ግቢው ሁሉ ሰማው። ዋይስ ሁለተኛውን አናቱ ላይ ሊያሳርፍ መዶሻውን ከፍ አደረገ።

«ተው! ቧንቧው ዝግ ነበር!» ሂርሲ ከላይ ዘሎ ወረደ። «ዋይስ ተው! ቀመርን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ሂርሲ ከጀልባዋ ነቅሎ የያዘውን የቧንቧ ስባሪ ሐጂ እግር ሥር አስቀመጠ፤ መዝጊያውን አሳያቸው፣ የተበላውን አንገት አሳያቸው። አንድ ሽቦ መዘርጋቱን፣ መመለሻውን ለብረቱ መተዉን፣ ጨውና ኤሌክትሪክ ብረት እንደሚበሉ አለማወቁን እየተንተባተበ ተናገረ።

«መቼ አወቅክ?» አሉ ሐጂ።

«ትናንት ጧት።»

«ይህ ሰው ቀፊራ ላይ ሲደበደብ ታውቅ ነበር?»

«ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ? ምን ነክቶህ ነው?»

«ዚነትን አጣለሁ ብዬ ሐጂ።»

በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የልጅቱን ስም መጥራት ራሱ ወንጀል ነው። ዋይስ አንገቱን አንቆ ወደ ጀልባዋ ወረወረው። «በየትኛው እጅህ ነው የሠራኸው?» ሂርሲ ቀኝ እጁን ዘረጋለት፤ ራሱ ዘረጋለት። ዋይስ እጁን ብረቱ ላይ ለጥፎ በመዶሻው አለው። ደገመው። ሂርሲ በጉልበቱ ወረደ እንጂ እጁን አልሰበሰበም። ሦስተኛው ሊወርድ ሲል ዚነት ሮጣ የወንድሟ ክንድ ላይ ተጠመጠመች። ወረወራት፤ ተነሥታ ተመለሰችበት፤ እጁን ነክሳ መዶሻውን አስጣለችው።

«በቃ! አንዱ ወንድሜ ሞቷል! አንተም ነፍሰ ገዳይ ሁንብኝና ብቻዬን ልቅር?»

ዋይስ ምድር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሂርሲ ዐይኖቿን ፈለጋቸው፤ እንድትሰድበው፣ እንድትተፋበት እንኳ ፈለገ። ዚነት በአጠገቡ አልፋ ደሄቦን ልታነሣ ሄደች። ከተሰበረው እጁ ይልቅ ያመመው ይህ ነው።

*

ሐጂ መጀመሪያ የደሄቦን ራስ ስመው ይቅርታ ለመኑት። ከዚያ ወደ ሂርሲ ዞሩ።

«ባሕረኛ ሕግ አለው። ጀልባ የጠገነ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይሳፈርባታል። ካቻምና አንተ ባሕር አታውቅም ብዬ አዘንኩልህና ሕጉን ዘለልኩት፤ በቦታህ ልጄ ተሳፈረ። አሁን ትጨርሳታለህ፣ ትሳፈርባታለህም። ከዚያ ወዲያ ባንተና በእኔ መካከል ደም የለም።»

«በምን እጁ ይጨርሳል?» አለ ዋይስ።

ሁሉም የሂርሲን እጅ አዩ። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ዱባ አብጧል።

«እኔ እሠራለሁ» አለች ዚነት። «እሱ ይናገር።»

«አንቺ ልጅ!» ሐጂ ተቆጡ።

«አባ፣ ወንድሜን የበላውን ነገር በጄ ነቅዬ ላውጣው።»

ሐጂ አዩአት፤ ክልክል ለማለት አቅም አጡ። አንዲት አሮጊት አክስት አጠገባቸው ተቀምጣ እንድትጠብቅ ተደረገ፤ አክስትየዋም ሙቀቱ ሲበረታ ታንቀላፋለች።

ሥራው ቀናት ፈጀ። ሂርሲ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ይናገራል፣ ዚነት ትሠራለች። ሂያጅ ሽቦና ተመላሽ ሽቦ፣ ሁለቱም ጎማ ለብሰው፣ አንዳቸውም የጀልባዋን ብረት ሳይነኩ። የመዳቡን ጫፍ በቀለጠ ቆርቆሮ ነክሮ እስኪነጣ መቀባት። መጋጠሚያውን ሁሉ ውኃ ከማይደርስበት ጣሪያ ሥር መስቀል፣ በግራሶ ቅባት ማሸግ። ከአፏ የሚወጣው ቃል «ቀጥሎስ?» ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የቀለጠው ቆርቆሮ ጣቷን ሲያቃጥላት ሂርሲ የተሰበረውን እጁን ረስቶ ሊይዛት ዘረጋው።

«አትንካኝ!» አለችው። እሱም እጁን ሰበሰበ።

በመጨረሻ የቀረው የፓምፑ መጋጠሚያ ነበር። ዚነት ጎንበስ ብላ በካቻቢቴ ስትሠራ ቆየችና ቀና አለች።

«እየው።»

ሂርሲ ጠጋ ብሎ አየ። ብሎኑ ልል ነው፤ አልጠበቀም። ሽቦው ለይስሙላ ነው የተቀመጠው፤ የመጀመሪያው ማዕበል ያወልቀዋል። ስንቱን መጋጠሚያ አንድም ሳታዛንፍ ያሰረች እጅ ይህን አትስትም። ዐይኗን አየ፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አሁን ነው የምታየው። ሆን ብላ እንደ ተወችው ገባው።

«ጥሩ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ክደኚው።»

ዚነት ክዳኑን አነሣች፣ አስጠጋች። መልሳ አስቀመጠችው።

«አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ልል መሆኑን አይተሃል!»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ክደኚው ትለኛለህ?»

«ፍርድሽ ነው ብዬ።»

በጥፊ አለችው። ደገመችው። የተቃጠለ ጣቷ ፊቱ ላይ ደማ። «ፍርድ! ቀፊራ ላይ ዝም አልክ፤ የሰው ጥርስ ረገፈ። ለእኔ ዝም አልክ፤ ፈሪ ነው ብዬ ስረግምህ አደርኩ። አሁን ደግሞ ዝም ብለህ ልትሞትብኝ? ከዚያ እኔ ምን ልሁን? ቆሞ የሚያይ ልሁን? አንተን ልሁን?»

«ዚነት...»

«ጩኽብኝ! ልትገድይኝ ነው በለኝ! ስደበኝ! ብቻ ዝም አትበለኝ!»

ሂርሲ ብድግ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ የታፈነው ወጣ። «ልል ነው!» ብሎ ጮኸ፤ አክስትየዋ ደንግጣ ነቃች። «ልል ነው ዚነት! አጥብቂው! መሞት አልፈልግም፣ ወላሂ መሞት አልፈልግም። የቀመር ነገር አንጀቴን እየበላው ነው፤ ግን መሞት አልፈልግም። ካንቺ ጋር መኖር ነው የምፈልገው።»

ዚነት ተመልሳ ጎንበስ አለች። ብሎኑን አጠበቀችው፤ እንባዋ እየጋረዳት፣ በሻሽዋ ጫፍ መጋጠሚያውን እያደረቀች አጠበቀችው። ዳግም ሞከረችው፤ አልነቃነቅ አለ። ግራሶውን ቀባችና ክዳኑን ገጠመችው።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው ቀና ሳትል። «ቀመር ወንድሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እወድሃለሁም። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ገብተው እያቃጠሉኝ ነው።»

ሂርሲ ዝም ማለት ፈራ። «እኔም እወድሻለሁ» አላት።

ዚነት ያበጠ እጁን ቀስ ብላ በሁለት እጇ ያዘችው። አክስትየዋ አየች፤ ፊቷን ወደ ደቻቱ አዞረች።

«ከባሕር ተመልሰህ ና» አለችው ዚነት። «ሰማኸኝ? ገና ተጣልቼህ አልጨረስኩም።»